ከግራ የመጣች ጥንግ

ላር ፊላን ጥንጓን አላያትም።

ሜዳው ዙሪያ የቆመ ሰው ሁሉ አይቷታል። ከግራ ጥግ የተመታችው ጥንግ ከሣሩ ትንሽ ከፍ ብላ እየተምዘገዘገች ስትመጣ፣ አጥሩን የተደገፉት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን አዙረው ተከትለዋታል። ላር ግን ዱላውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ተገትሮ ቀረ። ዞር ያለው መረቡ ከኋላው ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ያውም ድምፁን ሰምቶ።

ተጠባባቂዎች የተደረደሩበት አግዳሚ ላይ ፊንታን ዶሄኒ ሁለት እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ቀበረ። እንደ ገና በዱላና በጥንግ በሚጫወቱት በሀርሊንግ፣ በረኛ ጎል ቢገባበት ብርቅ አይደለም። ፊንታንን ያስደነገጠው፣ ከጸደይ ጀምሮ ብቻውን ሲፈራው የከረመው ነገር ዛሬ በሕዝብ ፊት መድረሱ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛዋ መጣች፤ እሷም ከግራ። ይቺኛዋ የላርን ትከሻ አግኝታ በጉልበቱ አንበረከከችው። ዘመኑ በረኞች ያለ ራስ ቁር የሚቆሙበት ዘመን ነው፤ አንድ ስንዝር ከፍ ብትል ኖሮ ግንባሩን በመታችው ነበር።

«ዶሄኒ!» ብሎ ጮኸ አሰልጣኝ ቶቢን። «ተነሥ! ግባ!»

ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ጥሪ ነው። ዳቦ ሲያከፋፍል፣ ቅዳሴ ላይ ተንበርክኮ፣ አልጋው ውስጥ ተገላብጦ ስንት ጊዜ ሰምቶታል! አሁን እውን ሲሆን ዱላውን አንሥቶ ወደ መስመሩ ሄደ። መስመሩ ላይ ሲተላለፉ ላር ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ፀሐይዋ ናት» አለው። «ዓይኔ ውስጥ ገባችብኝ።»

«አዎ» አለ ፊንታን። «ፀሐይዋ ናት።»

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አመድ እንደመሰለ ነበር።

ያን ዕለት ፊንታን ምን እንደሠራ፣ ስንቷን ጥንግ በዱላው፣ ስንቷን በእጁ፣ ስንቷን በደረቱ እንደመለሰ በኋላ ሰዎች ናቸው የነገሩት። እሱ የሚያስታውሰው ፊሽካው ሲነፋ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ መግባቱን፣ ትከሻ ላይ አውጥተው «ፍጻሜ! ፍጻሜ!» እያሉ ሲያንገላቱት ዓይኑ አንዲት አረንጓዴ ካፖርት ፍለጋ መባከኑን ነው። አገኛት። ኡና ፊላን፣ የላር እህት፣ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ታየው ነበር። በዚያ ሁሉ ሆታ መሃል ሳትስቅ፣ ሳትቆጣ፣ መልኩ የጠፋባትን ሰው ለመለየት እንደምትሞክር ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ፊቷን አዞረችና ወደ ወንድሟ ሄደች።

ትከሻ ላይ እንደተቀመጠ ብቸኝነት ተሰማው።

*

አጥቢያቸውን ክሎንቤግን የሚያውቅ ሰው ይህች አስተያየት ለምን የፊንታንን እንቅልፍ እንደወሰደች ይገባዋል። በዚያች አጥቢያ በረኛነት እንደ ርስት ነበር። አያትየው ፊላን ቆመውበታል፣ የላር አባት አቶ ዊልያም ፊላን ጎልማሳነታቸውን ጨርሰውበታል፣ ከዚያ ለላር አስረከቡ። «የቤት ቁልፍና አንድ ቁጥር ማልያ ከፊላን ቤት አይወጣም» ይሉ ነበር አቶ ፊላን፣ በከፊል ለቀልድ፣ በከፊል ለማስጠንቀቂያ። በሁለት ረድፍ ዛፍ የታጀበው መንገዳቸው ራሱ ለመጪው ሰው ማንነቱን የሚጠይቅ ይመስላል።

ፊንታን ደግሞ ከረግረጉ ዳር ካሉት ጎጆዎች የወጣ ልጅ ነው። አባቱ ዳን ዶሄኒ የዳቦ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጉልበቱ ሲከዳው መሪውን ለልጁ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ፊንታን በየጠዋቱ በዛፎቹ መሃል ነድቶ፣ ወደ ኋላ በር ዞሮ፣ ሁለት ዳቦ አስቀምጦ ይመለሳል። እኩዮቹ አንድ ባንድ ለንደን ገብተው ጡብ ሲያነሡ እሱ ቀረ። «ምን ትጠብቃለህ?» ሲሉት «ማልያውን» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ኡና ነበረች።

ኡና ደብሊን ውስጥ ነርስ ናት። አንድ የበጋ ምሽት በአጥቢያው ዳንስ አዳራሽ «የዳቦው ልጅ፣ እግሬን ረገጥከኝ» ብላው ነው የተጀመረው። ሁለት ዓመት ሆናቸው። በየሳምንቱ ትጽፍለታለች፤ እሱም መኪናው ውስጥ ተቀምጦ መሪው ላይ እያደላደለ ይመልሳል፤ ደብዳቤዎቹ ላይ ሁሌም ዱቄት አይጠፋም። አባቷ አያውቁም። ወይም እያወቁ፣ የማይነገር ነገር እንደሌለ ይቆጠራል ብለው ትተውታል።

ፊንታንና ላር ወዳጅ ነበሩ፤ አንድ ማልያ የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች ወዳጅ መሆን የሚችሉትን ያህል። ማታ ማታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ሜዳ ፊንታን ይመታል፣ ላር ይይዛል። ባለፈው ክረምት አንዲት ጥንግ የላርን ጉንጭ አግኝታው ነበር፤ አበጠ፣ ጠቆረ፣ ዳነ ተባለ። በጸደይ ግን ፊንታን አንድ ነገር ልብ አለ። ላር ከግራ የሚመጣበትን ለማየት እንደ ዶሮ አንገቱን ሙሉ በሙሉ ያዞራል። አንድ ቀን ፊንታን ዱላውን አውርዶ ሲያየው ላር ነቃበት።

«ምን ታፈጣለህ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ወደ ቀኝ ምታ። የግራው በቃኝ።»

ፊንታን ወደ ቀኝ መታ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ መታ።

*

ከግማሽ ፍጻሜው ማግስት ኡና ወንድሟን ይዛ ደብሊን ገባች። ወሬው ግን ክሎንቤግ ውስጥ ቀረ፤ ቀርቶም ፋፋ። ቶቢን ላርን ያን ያህል ቸኩሎ ለምን አወጣው? ሹክ ያለው ሰው ቢኖር ነው። ማን? ማን ይጠቅመዋል?

ጆጆ ብሬናን፣ የቡድኑ የጥግ ተከላካይና የአጥቢያው ቀልደኛ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«ስማ ፊንታን፣ ቶቢን ስለኔ ምን አለህ? እኔንም ልትሸጠኝ ከሆነ ጀርባዬን እንደሚያመኝ ብቻ ንገረው፤ ጥንግ መምታት እንደማልችልማ ራሱ ያውቃል።»

«ማንንም አልሸጥኩም፣ ጆጆ።»

«አትቆጣ እንጂ! እኔ እየቀለድኩ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላው ግን እየቀለደ አይደለም።»

በሦስተኛው ቀን አቶ ፊላን የኋላውን በር ራሳቸው ከፈቱ። የዳቦውን ካርቶን ወደ ፊንታን መለሱት።

«ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ ከከተማ እናስመጣለን።»

«አቶ ፊላን፣ እኔ ለቶቢን አንድም ቃል…»

«ልጄ የሚተኛው ሆስፒታል ነው። አንተ የምትቆመው እሱ ቦታ ነው። ሌላ ቃል አያስፈልገኝም።» በሩን ሊዘጉ ሲሉ ቆም አሉ። «ደግሞ ሴት ልጄን ስትመለከት የማላይ እንዳይመስልህ። ከዚህ ቤት የወሰድከው ይበቃሃል።»

ከዚያ ወዲያ ፊንታን አንድ ቦታ መቆም አቃተው። ዳቦውን አድሎ ከጨረሰ በኋላ ያለ ጉዳይ ይነዳል፤ ረግረጉን ዞሮ ይመለሳል፤ ምግብ ሲቀርብለት ይነሣል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ በጥንግ ሲደበድብ ይውላል። ለኡና ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ ሦስቱንም ቀደደ። የሷም ደብዳቤ አልመጣም። የፍጻሜው ሳምንት ገባ፤ በየቤቱ ባንዲራ ተሰቀለ፤ ልጆች ስሙን እየጠሩ ከመኪናው ኋላ ይሮጣሉ። እሱ ግን አንዲት ሴት ዝም ስላለችው መንደሩ ሁሉ ዝም ያለ መሰለው።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የወንዙ ድልድይ ላይ አገኛት። ከባቡሩ ወርዳ በእግሯ ስትመጣ ነው። መኪናውን መሃል መንገድ ላይ ትቶ ወረደ።

«ኡና!»

ቆመች። ከስታለች። ካፖርቷን አንገቷ ድረስ ቆልፋ ሻንጣዋን ሁለታቸው መሃል አኖረችው።

«ሰው የሚያወራውን ሰማሁ» አለች።

«አንቺም አመንሽ?»

«ልጠይቅህ ነው የቆምኩት። ባምን አልፌህ እሄድ ነበር።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ አፍኖት የከረመው ቃል ያን ጊዜ ፈነዳ።

«እኔ? እኔ ላርን ለቶቢን? ኡና፣ እንደማያይ ካወቅሁ እኮ ከጸደይ ጀምሮ ነው! ከሰው ሁሉ በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ! ማልያውን ብፈልግ ያን ጊዜ አንድ ቃል መናገር ይበቃኝ ነበር። ትንፍሽ አላልኩም! ለአባቴ አልተናገርኩም፣ ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ስላንቺ ስል አፌን ሰፍቼ ከረምኩ! እና እኔን ነው ከሃዲ የሚሉኝ?»

አሁን እጁን ትይዘዋለች፣ አሁን «ይቅር በለኝ» ትለዋለች ብሎ ጠበቀ። የኡና ፊት ግን አመድ ሲመስል በዓይኑ አየው።

«ከጸደይ ጀምሮ?» አለች፣ በሹክሹክታ።

«አዎ…»

«ታውቅ ነበር።»

«ኡና…»

«ግራ ዓይኑ ጠፋ፣ ፊንታን።» ድምጿ ተሰበረ። «አለቀለት። ከዓይኑ ጀርባ ያለችው ስስ ሽፋን ቀስ በቀስ ስትላቀቅ ከርማለች። ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹በጸደይ ብታመጡት ኖሮ› አለኝ። ልክ እንዲህ ነው ያለኝ። ‹በጸደይ›!»

ከሥራቸው ወንዙ እየተገላበጠ ይወርዳል። ፊንታን የድልድዩን ድንጋይ ያዘ።

«ያን ያህል መሆኑን አላወቅሁም።»

«አንተ ባታውቅ እኔ አውቅ ነበር! ነርስ ነኝ እኮ! በየሳምንቱ ትጽፍልኛለህ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አባትህ ጉልበት፣ ስለ ጆጆ ቀልድ። አንዲት መስመር! ‹ላር አንገቱን አጣሞ ነው የሚያየው› ብትለኝ በማግስቱ ባቡር ላይ ነበርኩ!»

«ብነግርሽ ማልያውን ፈልጎ ነው ትይኝ ነበር።»

«ልልህ እችል ነበር። ልጠላህም እችል ነበር። ወንድሜ ግን ሁለት ዓይን ይኖረው ነበር።»

«አንቺን እንዳላጣ ብዬ ነው» አለ፤ ከአፉ ሲወጣ እንኳ ምን ያህል ትንሽ ቃል እንደሆነ ተሰማው።

«እኔን እንዳታጣ!» ሻንጣዋን አነሣች። እንባዋ ቢወርድም አልጠረገችውም። «አባቴ ባልሠራኸው ነገር ይሰድብሃል። አንተም ባልሠራኸው ተበድለህ ደረትህን ነፍተህ ትዞራለህ። ሄደህ የሠራኸውን ንገረው።»

እየተራመደች ሄደች። ፊንታን ሊከተላት እግሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ሰው ንጹሕ ነኝ ብሎ ከጮኸ በኋላ ጥፋተኛ መሆኑን ሲሰማ የሚይዘው ብርድ ያዘው፤ ካፖርት የማያስጥለው ብርድ።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቡድኑ አውቶቡስ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ፊንታን በተቃራኒው መንገድ መራመድ ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አለ አባቱ ዳን፣ ከዘራውን ተደግፎ። «ፍጻሜው በዚያ በኩል መሰለኝ።»

«ፊላን ቤት ደርሼ እመጣለሁ።»

ዳን ልጁን ከላይ እስከ ታች አየው። «በየትኛው በር ነው የምትገባው?»

«በፊቱ።»

«እንግዲያው ጫማህን ጥረግ» አለ ሽማግሌው፤ ሌላ ነገር አልጠየቀም።

በሩን የከፈቱት አቶ ፊላን ናቸው። ከኋላቸው ላር ጠረጴዛ ቀርቦ ተቀምጧል፣ ግራ ዓይኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ። የተጠበሰው የአሳማ ሥጋ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ኡና ምድጃው አጠገብ ቆማ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛለች።

«የዳቦ ሰው የሚገባው በኋላ ነው» አሉ አቶ ፊላን።

«ዛሬ ዳቦ አልያዝኩም።» ፊንታን ከበሩ ደፍ አላለፈም። ባርኔጣውን በእጁ አሻሸው። «ለቶቢን አልተናገርኩም፤ እሱ እውነት ነው። ግን ለማንም አልተናገርኩም፣ ጥፋቴም እሱ ነው። ላር በግራ በኩል እንደማያይ ከጸደይ ጀምሮ አውቅ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ። ብናገር ሰው ምን ይለኛል ብዬ ለራሴ ፈራሁ። ዓይኑ ሊተርፍ ይችል ነበር ይባላል። ይኸው… የምለው ይህን ነው። ይቅር በሉኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም።»

አቶ ፊላን ፊታቸው ቀላ። እጃቸው በሩ ላይ ተጨበጠ። ፊንታን ይመቱኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢመቱት ደስ ባለው ነበር።

«አባዬ፣ ተወው» አለ ላር። «ወደ ግራ አትምታብኝ ያልኩት እኔ ነኝ። የሱ ዓይን አልነበረም የጠፋው፤ የኔ ነው። ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ስነሣ ጥላ እንደ መጋረጃ ወርዶብኝ አገኘዋለሁ፤ ‹ነገ ይነሣል› እላለሁ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ አትጫወትም ይለኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«አንተስ ልጅ ነህ» አሉ አቶ ፊላን።

ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ መዳፋቸውን አዩ።

«ፋሲካ ሰሞን» አሉ። «እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። በግራህ የነበረውን ስኒ ገፍተህ ጣልከው። ሳቅክ። እኔም ሳቅሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ጥንግ ከየት እንደምትመጣ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ልጄ ስኒ እንደማይታየው አይጠፋኝም። አየሁ። ይህችን ዋንጫ ብቻ ያንሣ፣ ከዚያ እወስደዋለሁ አልኩ። ዋንጫ!» ቀና ብለው ፊንታንን አዩት። «አንተን በሰደብኩህ ቁጥር ራሴን ነበር የምሸሸው።»

ኡና ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ ስታኖረው ክዳኑ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ማንም አላነሣውም።

«ሦስት ወንድ» አለች። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ፤ «ሦስት ወንድ! ሦስታችሁም አይታችሁ፣ ሦስታችሁም ለአንድ ማልያ ዝም አላችሁ! አንዳችሁ ለኩራቱ፣ አንዳችሁ ለስሙ፣ አንዳችሁ…» ፊንታን ላይ ስትደርስ ቃሉ አልወጣላትም። «እኔስ? ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ከጎኑ ተቀምጬ ስበላ፣ የሰው ሕመም ማየት ሥራዬ ሆኖ፣ እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት!»

ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ላር ተነሥቶ ሊይዛት ሲሄድ የጠረጴዛውን ጥግ በግራ ዳሌው መታው። ሁሉም አዩት። በዚያች ቅጽበት ቤቱ ውስጥ የነበረ ቁጣ ሁሉ የሚሄድበት አጥቶ እንባ ሆነ።

ከሩቅ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ደገመ። ከዚያ ድምፁ እየራቀ ሄደ።

«አመለጠህ» አለ ላር፣ እህቱን እንዳቀፈ።

«ያምልጠኝ። አልጫወትም።»

«ትጫወታለህ!» የላር ደህና ዓይን እንደ ፍም በራ። «ዓይኔን የሰጠሁባትን ማልያ አንተ ምስማር ላይ ልትሰቅላት ነው? እኔን ለማጽናናት ብለህ ብትቀር እስከ ዕድሜ ልክህ አላናግርህም። ሂድና ቁም።»

አቶ ፊላን ተነሡ። የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ፤ ፊንታንን ሳያዩ በአጠገቡ አልፈው ወጡ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉት ከደጅ። «ግባ።»

ፊንታን ወደ ኡና ዞረ። ፊቷን ከወንድሟ ትከሻ ላይ አላነሣችም። ያን ጀርባዋን በልቡ ይዞ ነው ወደ ፍጻሜው የሄደው።

*

የከተማው ሜዳ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ክሎንቤግና ራትሞይል ገና ከጅምሩ ትከሻ ለትከሻ ተያያዙ፤ አንዱ ጥንጓን ከጎሉ አግዳሚ በላይ አሳልፎ አንድ ነጥብ ሲያስቆጥር ሌላው ወዲያው ይመልሳል። ፊንታን በሁለቱ ቋሚዎች መሃል መረጋጋት አቅቶት ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል።

«አንድ ቦታ ቁም እንጂ!» ብሎ ጮኸበት ጆጆ ብሬናን። «ዞር ባልኩ ቁጥር ሌላ ቦታ ነህ፤ ስንት በረኛ ነው ያለን?»

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ክሎንቤግ በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር፤ መረብ ውስጥ የምትገባ ጎል ግን ሦስት ነጥብ ናት። ያን ጊዜ ጥንጓ ከሰው እግር ሥር ተፈትልካ የአንድ ቀይ ፀጉር የራትሞይል አጥቂ ዱላ ላይ ወደቀች። በግራ ጥግ። ልጁ አልጠበቀም፤ ከመሬት ላይ እንዳለች ላጋት።

ፊንታን በእግሮች መሃል አያት። ነጭ ነጥብ ነበረች፣ ከዚያ ፍሬ፣ ከዚያ ጡጫ። ሰውነቱ ከሐሳቡ ቀድሞ ወደቀ። የዱላው ጠርዝ ነካት፤ ጎድኑ ላይ አረፈች፤ ትንፋሹን ቆረጠችው። ጥንጓን በእጁ ሸፍኖ ተነሣና እስከሚችለው ርቀት ወደ ሰማይ መታት። ገና ሳትወርድ ፊሽካው ተነፋ።

ክሎንቤግ ከአንድ ትውልድ በኋላ ዋንጫ በላ። ጆጆ ፊንታንን ከመሬት ነቅሎ ግንባሩን ሳመው፤ ቶቢን እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ የማያውቃቸው ሴቶች አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ዳን ዶሄኒ ከዘራውን ጥሎ በሰው ተደግፎ መጣ። «እናትህ ይህን ባየች!» አለው። ፊንታን አባቱን አቀፈው። ዓይኑ ግን ከአጥር አጥር ይባክናል። አረንጓዴ ካፖርት የለም።

አውቶቡሱ በዘፈን ሲነቃነቅ እሱ በጓሮ በኩል ወጣ። የአቶ ፊላን መኪና ከሌሎቹ ተነጥሎ ዛፍ ሥር ቆሟል። አቶ ፊላን መሪውን ይዘዋል። ከአጠገባቸው ላር መስኮቱን አውርዶ ተቀምጧል፤ ሜዳው ውስጥ መግባት አልሆነለትም፤ የሕዝቡን ጩኸት እያዳመጠ ነው ጨዋታውን የተከታተለው። ከኋላ ወንበር ላይ ኡና አለች፤ አባቷ ፊንታንን ካደረሱ በኋላ ተመልሰው ሁለቱን አምጥተዋቸዋል።

«የመጨረሻዋ» አለ ላር። «ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጥ ሲያደርግ ሰማሁ። ከየት መጣች?»

ፊንታን ማለሳለስ አማረው። «ከግራ» አለ።

«አየሃት?»

«አየኋት።»

ላር ደህናውን ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ ደስታና ቅናት፣ ፍቅርና ለቅሶ ተራ በተራ አለፉ። ከዚያ እጁን በመስኮት አውጥቶ የፊንታንን አንገት ጨመቀ። «እኔም እይዛት ነበር» አለ። «ድሮ።»

«ትይዛት ነበር።»

«ግባ» አሉ አቶ ፊላን።

*

መንገዱ በሙሉ እሳት ነበር። በየመስቀለኛው ሰው ደመራ እንደሚለኩስ ከረግረግ የተቆረጠ ማገዶና አሮጌ ጎማ ከምሮ አንድዷል፤ ልጆች ባንዲራ ያውለበልባሉ፤ አኮርዲዮን ይሰማል። የማንን መኪና እንደሚቀበሉ ሳያውቁ ጣሪያውን እየደበደቡ ያሳልፉታል።

የኋላው ወንበር ጠባብ ነው። የኡና እጅ ወንበሩ ላይ ከፊንታን እጅ ጎን አርፏል፤ የእጇ ጀርባ የእጁን ጀርባ ነክቶታል። ይቅርታ ይሁን የቦታ ጥበት አላወቀም። እንዳይነሣበት ፈርቶ ጣቱን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ጎድኑ ይጠዘጥዘዋል።

«ፊንታን» አለችው፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ።

«አቤት።»

«ይቅር አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«አባቴንም፣ ላርንም፣ ራሴንም አላልኩም። መቼ እንደምል አላውቅም። ነገ ወደ ደብሊን እመለሳለሁ። ጻፍልኝ።»

«ምን ልጻፍልሽ?»

«ያየኸውን። ደስ የሚለኝን መርጠህ ሳይሆን ያየኸውን ሁሉ። ብጠላህም ጻፈው። እሱን ካልቻልክ አሁኑኑ ንገረኝና ሁለታችንም እንረፍ።»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ዛሬ ጀምር። አሁን ምን ይታይሃል?»

መኪናው በአንድ ትልቅ እሳት አጠገብ አለፈ። ብርሃኑ ወደ ውስጥ ገብቶ የሾፌሩን የኋላ ማያ መስታወት አበራው። ፊንታን ቀና ብሎ አየ። ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ሽማግሌው መታየት እንደማይፈልጉ ያውቃል። ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«አባትሽ እያለቀሱ ነው» አላት።

ኡና ወደ መስታወቱ ቀና አለች። አባቷን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ እዚያው ከጎኑ የነበረው እጇ ተገልብጦ ጣቶቹን ያዘ፤ እንዳይወድቅ ፈርቶ ገመድ እንደሚይዝ ሰው፣ እስኪያመው ድረስ አጥብቆ።